ከስር ያለው ድምፅ

ስለ ስደት የተሠራ የውጭ አገር ዘጋቢ ፊልም ላይ አንድ ሐበሻ ብቅ ሲል የምንሆነውን ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ወንበራችን ላይ ቀና እንላለን። ቡና የሚቀዳም ካለ ጀበናውን እንደያዘ ይቆማል፤ ቤቱ በሙሉ «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ» ይባባላል። ሰውየው ከንፈሩን አርሶ «እንግዲህ እኔ የወጣሁት…» ብሎ ይጀምራል። ገና ሦስት ቃል ሳይጨርስ አንድ ሌላ ድምፅ፣ ወፍራም፣ ጥርት ያለ፣ ማይክሮፎን የለመደ የፈረንጅ ድምፅ መጥቶ ላዩ ላይ ይቀመጥበታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የኛ ነው። አንገታችንን ወደ ቴሌቪዥኑ አስግገን ከስር የቀረውን አማርኛ ለመልቀም እንታገላለን። አንዱ «በረሃ ነው ያለው» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ በራሴ ነው ያለው» ይላል፤ ሁለቱ ሲከራከሩ ሰውየው ተናግሮ ጨርሶ ሌላ ሰው ገብቷል።

ከስር የሚለቀመው ነገር ብዙ ጊዜ ትልቅ ምስጢር አይደለም። «ምን ልበልህ» ነው፤ «ኧረ ተወኝ» ነው፤ «እሱንስ አታንሳው» ነው። ከሁሉም የምወዳት ግን ያቺ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላት አዎ ናት። ታውቋታላችሁ፤ ፊደል የላትም። «የቤት ኪራይ ጨመሩብህ እንዴ?» ሲባል፣ «እናትህን አገኘሃቸው?» ሲባል፣ አፋችንን እምብዛም ሳንከፍት አየር ሳብ እናደርጋለን፤ ጠያቂውም ገብቶት ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። ለማያውቃት ሰው ግን ድንጋጤ ትመስላለች። አንድ ፊልም ላይ «ጀልባው ውስጥ ሕፃናት ነበሩ?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ እንደዚያ አየር ሳብ አድርጋ ዝም ስትል ከግርጌ ምንም ጽሑፍ አልመጣም። ካሜራው እስክትናገር ይጠብቃል፤ እሷ ደግሞ መልሳ ጨርሳለች። ሁለቱ እንደዚያ ሲጠባበቁ የቆዩባት ጊዜ አጭር ናት። ከዚያ ፊልም ሌላው ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፍቶ እሷ ቀርታለች።

በሰሜን ስዊድን፣ ኡሜዮ በሚባለው ከተማ አካባቢ ያሉ ሰዎችም እንዲሁ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ስበው አዎ እንደሚሉ የሰማሁ ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስንት አገር አቆራርጦ እዚያ የደረሰ የኛ ልጅ፣ ቋንቋው ገና ሳይገባው፣ ብርዱ አጥንቱ ውስጥ እንዳለ፣ ሱቅ ገብቶ ባለሱቋ እንደ አክስቱ አየር ሳብ ስታደርግ ሲሰማ ምን ይሰማው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ስዊድን ካልኩ አይቀር፣ መጨረሻው ስዊድን ስለሆነ አንድ የሰርግ ጉዞ ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ነው። በባሕር ጣሊያን የገቡ አምስት ፍልስጤማውያንና ሶርያውያን ስዊድን መድረስ ይፈልጋሉ። ሚላን ላይ ያገኟቸው ጋዜጠኛው ጋብሪየሌ ዴል ግራንዴ፣ ፊልም ሠሪው አንቶኒዮ አውጉሊያሮና ገጣሚው ካሊድ ሱለይማን አል ናስሪ ቁጭ ብለው ይመካከሩና አንድ ዘዴ ያገኛሉ፦ ሰርገኛን ማን ያስቆማል? ሙሽራ ቬሎ ለበሰች፣ ሚዜዎች ተመረጡ፣ መንገደኞቹ ሱፍ ለበሱ፣ ከሚላን እስከ ስቶክሆልም ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአራት ቀን ተጓዙት። በሚቀጥለው ዓመት «ኢዮ ስቶ ኮን ላ ስፖዛ» በሚል ርዕስ ፊልሙ ቬኒስ ላይ ታየ። ከጣሊያን ወደ ፈረንሳይ በተራራ የሚሻገረውን አሮጌ የእግር መንገድ እነዚያ ሰዎች በሰርግ ልብስ ሲወጡት ማየት ያስቃል፤ ግን ሙሽራዋ ለማስመሰል ስትል ብቻ አይደለም የምትስቀው። ሰርግ ነው ተብሎ የተሰበሰበ ሰው፣ ሰርጉ ውሸት መሆኑን እያወቀም ቢሆን፣ መዝፈኑን አይተውም። እኛም ብንሆን የሰርግ መኪና ጥሩምባ ስንሰማ ሳናውቃቸው እጃችንን እናውለበልብ የለ?

ወደ ድምፁ ልመለስ። አንድ ጊዜ ይህ ከላይ የሚቀመጠው የሌላ ሰው ድምፅ የሌለበት ፊልም አገኘሁ። ጠያቂውም መላሹም በአማርኛ ነው የሚነጋገሩት። ጠያቂው ዳግማዊ ይመር ይባላል፤ አዲስ አበባ ሕግ ይማር የነበረ፣ ከ1997ቱ ምርጫ ወዲያ በነበረው ጊዜ አገሩን ጥሎ በሱዳንና በሊቢያ መካከል ያለውን በረሃ ያቋረጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጣሊያን ደሴት ላምፔዱዛ የደረሰ ሰው ነው። ሮም ውስጥ አሲኒታስ በሚባል ትምህርት ቤት ጣሊያንኛ ሊማር ገብቶ ካሜራም እዚያው ተማረ። በ2008 ከአንድሬያ ሴግሬና ከሪካርዶ ቢያዴኔ ጋር ሆኖ የመንገድ ጓዶቹን እየጠየቀ አንድ ፊልም ሠራ፤ «ኮሜ ኡን ኡዎሞ ሱላ ቴራ»፣ በኛው «እንደ ሰው በምድር ላይ» እንበለው። ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ሊቢያ ነው፤ ፖሊስ እየያዘ ለደላላ ስለሚሸጠው ሰው፣ ሰው ታጭቆ ወደ ኩፍራ እስር ቤት ስለሚጫንበት የብረት ኮንቴይነር። በዚያው ዓመት በነሐሴ የጣሊያኑ ቤርሉስኮኒና የሊቢያው ጋዳፊ ቤንጋዚ ላይ የወዳጅነት ውል ተፈራርመው ነበር። ጣሊያን 5 ቢሊዮን ዶላር ልትሰጥ፣ ሊቢያ ደግሞ ስደተኛው ባሕሩን እንዳይሻገር ልትጠብቅ ነው ስምምነቱ። የጥበቃው ሥራ በሰው ገላ ላይ ምን እንደሚመስል ከነዚያ ልጆች በላይ የሚያውቅ አልነበረምና፣ ፊልሙ ዜናው ሳይቀዘቅዝ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን የያዘኝ ግን አነጋገራቸው ነው። ጠያቂው መንገዱን ካወቀ መላሹ ማስረዳት ይቀረዋል። ፈረንጅ ሲጠይቃቸው ሱዳን የት እንዳለች፣ ደላላ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን ተመልሰው እንዳልሄዱ ሲያብራሩ የሚደክሙት ሰዎች፣ ያለፈበት ሰው ሲጠይቃቸው ቀጥ ብለው ወደ ነገሩ ይገባሉ። ደግሞም ከዚያ መንገድ የተመለሰ ሰው ሲያወራ ሰምታችሁ ከሆነ፣ ነገሩ እየከፋ ሲሄድ «እኔ» ማለቱን ይተዋል። ትጫናለህ ይላችኋል፤ ትወርዳለህ፤ ትቆጠራለህ፤ ውሃ ትለምናለህ፣ ብዙ እንዳትጠጣ ቤንዚን ጠብ ያለበት ውሃ ይሰጡሃል፤ ትጠጣዋለህ። ሳታስቡት መኪናው ላይ ተጭናችሁ ታገኙታላችሁ። የተሻገረ ሰው ወንዙን የሚያስታውሰው በጥልቀቱ አይደለም፣ በረገጣቸው ድንጋዮች ነው፤ እነዚህ ልጆችም ስለ ሰሃራ ስፋት አንዲት ቃል አይወጣቸውም፤ የሚያወሩት ማን አጠገብ እንደተቀመጡ፣ እግራቸውን የት እንዳጠፉት፣ ውሃውን ማን እንደያዘው ነው።

ዳግማዊ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ደግሞ እስካሁን ይደንቀኛል። ወደ ላምፔዱዛ ተመልሶ፣ በ2011 በወጣው «ሶልታንቶ ኢል ማሬ» በሚለው ፊልም፣ የደሴቲቱን ሰዎች ራሳቸውን ኑሮ እንዴት ነው ብሎ ጠየቃቸው። ላምፔዱዛ ስፋቷ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሲሲሊ ይልቅ ለቱኒዚያ ትቀርባለች። ስሟ የተነሳ እንደሆነ ሰው ሁሉ ስለ ጀልባ ነው የሚያስበው። እዚያ የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆችና ባለሱቆች ግን የራሳቸው እሮሮ አላቸው፤ ደሴቲቱ ላይ የማዋለጃ ሆስፒታል ስለሌለ ነፍሰ ጡር ሴት ለመውለድ ባሕር አቋርጣ መሄድ አለባት። በባሕር የመጣው ሰው የባሕሩን ዳር ሰው «እናንተስ እንዴት ናችሁ?» ብሎ መጠየቁ የኛ አገር የሰላምታ ወግ ነው፤ መጀመሪያ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ይጠየቃል፤ የመጡበት ጉዳይ ይደርሳል።

ይህችኑ ደሴት ሌላ ሰውም በሌላ ዓይን አይቷታል። ጃንፍራንኮ ሮሲ አስመራ የተወለደ ጣሊያናዊ ነው። ደሴቲቱ ላይ ከዓመት በላይ ተቀምጦ የሠራው «ፉዎኮአማሬ» በ2016 በርሊን ላይ የወርቅ ድብ ተሸልሟል። ይህን ፊልም ያየሁት ከጎረቤታችን ጋር ነው። ልጃቸው በመተማ ወጥቶ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ዛሬ ጀርመን ያለ እናት ናቸው። ፊልሙ ውስጥ ሳሙኤሌ የሚባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ አለ። ወንጭፍ ይሠራል፤ ቁልቋል ላይ ዓይንና አፍ ቆርጦ ያወጣና በወንጭፍ ይደበድበዋል፤ ከዚያ ተመልሶ የቆሰለውን ቁልቋል በፕላስተር ያሽገዋል። ስፓጌቲ ሲበላ ደግሞ ድምፁ ሌላ ነው። ጎረቤታችን «ቀስ በል ልጄ፣ ያንቅሃል» አሉት፤ ከልባቸው ነው፣ ሊሰማቸው የሚችል ይመስል ጎንበስ ብለው። ልጁ አንድ ዓይኑ ሰነፍ ሆኖበት ሐኪሙ ደህናውን ዓይን ሸፍኖ ሰነፉን እንዲያሠራው ሲያዝዘው እርሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትክክለኛ ሐኪም ነው ማለታቸው ነው።

ከዚያ ጀልባዎቹ መጡ። የድረሱልን ጥሪ በሬዲዮ ይሰማል። አንዷ ሴት በእግዚአብሔር ስም ትለምናለች፤ የባሕር ጥበቃው ሰው ያሉበትን ቦታ ደጋግሞ ይጠይቃታል። እኔ ይህን ስሰማ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ጎረቤታችን ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ፊቶቹን አንድ በአንድ እያዩ ነው። ልጃቸው በሰላም እንደደረሰ እያወቁ፣ ከሁለት ቀን በፊት በስልክ እንዳወሩት እያወቁ፣ ፊልሙ የሌላ ዓመት መሆኑን እየነገርኳቸው፣ እያንዳንዱን ወጣት ከጆሮው እስከ አገጩ ያዩታል። «ካልሲ እንኳ አላደረጉም» አሉ። ቆይተውም «ይሄ የተጠቀለሉበት ወርቅማ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከባሕር የወጣ ሰው እንዲሞቀው የሚሰጥ ስስ ብርድ ልብስ መሆኑን ነገርኳቸው። ዝም አሉ።

በማግስቱ ልጃቸው ሲደውል የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ያ ነበር። «አንተም ያንን ወርቅማ ነገር ለብሰህ ነበር?» አሉት። ልጁ ሳቀ አሉኝ። ሲያድር እንደሚንኮሻኮሽ፣ አንድ ሰው በተገላበጠ ቁጥር አዳራሹ በሙሉ እንደሚንኮሻኮሽ፣ በዚያ ድምፅ እንቅልፍ እንዳጣ፣ በኋላም ሲሰጡት አጥፎ ኪሱ ውስጥ እንደያዘው ነገራቸው። ስንት ዓመት ሲደውል «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ከማለት በቀር ስለ መንገዱ ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ ልጅ ነው። እናቱም ምን ብለው ይጠይቁት? «እንዴት ነበር?» የሚለው ጥያቄ በጣም ትልቅ ስለሆነ መልስ የለውም። ስለ ብርድ ልብሱ ግን መልስ አለ። ከዚያ ወዲህ በየስልኩ አንድ አንድ ነገር እየጠየቁ ነው፤ ጫማው ምን ዓይነት ነበር፣ መጀመሪያ የበላው ምግብ ምንድን ነው፣ ስሙን ሲመዘግቡ በትክክል ጻፉት ወይ።

ስም ካነሳሁ «አስማት» የሚባለውን የዳግማዊን ፊልም ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 ከሊቢያ የተነሳ ጀልባ ላምፔዱዛ ዳርቻ አጠገብ ሰምጦ 368 ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህ የሚበዙት ኤርትራውያን ናቸው። ሬሳ ሳጥኖቹ አውሮፕላን ማቆሚያ አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው በዜና አይተናቸዋል። ዳግማዊ በሠራው በዚህ አጭር ፊልም የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ ይጠራል። ሌላው ተመልካች ምን እንደሚሰማው እንጃ፣ እኛ ግን ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት የለመድን ሕዝብ ነን። ስሞቹ ደግሞ የክፍል ጓደኞቻችን፣ የጎረቤቶቻችን፣ የክርስትና ልጆቻችን ስሞች ናቸው። አንዱ ስም ሲጠራ ጆሮ ሳይታዘዝ «አቤት»ን ይጠብቃል፤ ሳይመጣ ሌላው ስም ይጠራል። 20 ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ነው፤ ሁለተኛ ለማየት ግን ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ካሜራው የማን እጅ ላይ ነው የሚለው ነገር እያየሁ በሄድኩ ቁጥር እያሳሰበኝ መጥቷል። ሞሮኮ ውስጥ፣ አፍሪካ ምድር ላይ ያለችውን የስፔን ከተማ ሜሊያን ቁልቁል የሚያይ ጉሩጉ የሚባል ተራራ አለ። አጥሩን ለመዝለል የሚጠባበቁ ልጆች ጫካው ውስጥ ይኖሩ ነበር። ሞሪትዝ ሲበርትና ኤስቴፋን ቫግነር የሚባሉ ፊልም ሠሪዎች ማሊያዊውን አቡ ባካር ሲዲቤን አግኝተው ካሜራ ሰጡት፤ ካሜራውን እንዳይሸጠው ብለውም ገንዘብ ጨመሩለት። መሸጡ ቀርቶ እየቀረጸ ሲሄድ ወደደው። ከዚያ የወጣው «ሌ ሶተር» የተባለው ፊልም የሁለት ካሜራ ምስል አለው። አንደኛው አጥሩን የሚጠብቀው የሙቀት ካሜራ ነው፤ ከሩቅ፣ ከላይ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሰዎቹ የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦች ናቸው። ሌላው የአቡ ካሜራ ነው፤ እዚያ ያሉት ነጠብጣቦች ምግብ ሲያበስሉ፣ ስለ ኳስ ሲከራከሩ፣ ማሊ ከአይቮሪኮስት ግጥሚያ ሲገጥሙ ይታያሉ። ሁለቱም ካሜራዎች አይዋሹም። አንደኛው ግን ስማቸውን አያውቅም።

እንዲህ ያሉ ፊልሞች በርሊንና ቬኒስ ይታያሉ፤ ያስለቅሳሉ፤ ይሸለማሉ፤ ይገባቸዋል። እኔን የሚቆጨኝ መንገዱ የሚጀምርበት ቦታ አለመድረሳቸው ነው። ከወሎ በኦቦክ አድርጎ ወደ የመንና ሳዑዲ፣ ከሆሳዕናና ከዱራሜ በኬንያ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ በመተማ ወደ ሱዳንና ሊቢያ የሚወጣው ልጅ ሰፈር ውስጥ የሚታየው ሌላ ዓይነት ፊልም ነው፦ ከጀርባው ከባድ ሙዚቃ ያለው፣ «አትሂዱ» የሚል፣ አጭር ማስጠንቀቂያ። ልጆቹ አደጋውን አጥተውት አይደለም የሚሄዱት፤ ከኔ በላይ ያውቁታል፤ የሞተባቸው ጓደኛ አላቸው። እንደ ሰው የሚያናግራቸው ፊልም ይገባቸዋል። የሰፈሩ ወጣት ማዕከል አዳራሽ ፕሮጀክተር አለው፤ ወንበርም አለው። ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱን አብርቶ ማንም ንግግር ሳያደርግ ቡና ማፍላት ብቻ ነው። እንደ ጎረቤታችን ያሉ እናቶች የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሳቸው ያነሱታል።

ይህን ሁሉ ሳስብ ነው ፊልም በማቀናበር ሥራ የሚተዳደር ወዳጄ ዘንድ ሄጄ ስለዚያ ላይ ስለሚቀመጠው ድምፅ የጠየቅኩት። እሱ እንደሚለው ልማድ ነው፤ ተናጋሪው ትንሽ ይሰማል፣ ተመልካቹ እውነተኛ ሰው መሆኑን ካየ በኋላ ይሸፈናል። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያልተቆረጠ አንድ ቃለ መጠይቅ አሰማኝ። ከሊቢያ የተመለሰ ሰው ነው። እስር ቤት ስለነበረበት ጊዜ ያወራል፣ ያወራል፣ በጣም ከባድ ቦታ ላይ ይደርስና ቆም ይላል። ወንበር ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። ከዚያ በሌላ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ካሜራ የያዘውን ልጅ «ቆይ፣ አንተ ምሳ በልተሃል?» አለው። ልጁ አልበላሁም አለ። «እንዴ! ከጠዋት ጀምረህ ቆመህ?» አለና አንድ ሰው ተጣራ፣ እንጀራ እንዲያመጡለት። የተሠራው ፊልም ላይ ይህ የለም፤ ከእስር ቤቱ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ሰው ነው የሚያልፈው።

ወዳጄ እንዲህ የተቆረጡትን አይጥላቸውም። «ትርፍ» ብሎ በሰየመው ፎልደር ውስጥ ያጠራቅማቸዋል፤ ሻይ ይምጣላችሁ የሚሉ፣ ካሜራውን ፀሐይ እንዳይመታው ከዚህ አዙረው የሚሉ፣ የጠያቂውን ልጅ አገር ጠይቀው ዘመድ የሚቆጥሩ፣ «ይሄን አሁን እናቴ ታየዋለች?» ብለው ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉ። ከዚያ ፎልደር ብቻ፣ ላዩ ላይ ምንም ድምፅ ሳይጫንበት፣ አንድ ፊልም እንዲሠራ እየጨቀጨቅኩት ነው። ሰዎቹን አንድ በአንድ ደውሎ ሳያስፈቅድ እንደማይጀምር ነግሮኛል፤ ስልክ ቁጥር የተቀየረባቸውን ማፈላለጉን እኔ ወስጃለሁ።